«ሄሎ»ን በ«ሂሮይክ» መጨረስ፦ ማፈግፈግ ለሚያውቅ ተጫዋች

«ሄሎ እየተጫወትኩ ነው» ስል ስልክ ያነሳሁ የሚመስላቸው ጓደኞች አሉኝ። ጥፋቱ የስሙ ነው። «ሄሎ፦ ኮምባት ኢቮልቭድ» የተኩስ ጌም ነው። ኮቨናንት የሚባሉ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን የሰውን ዘር ሊያጠፉ ተነስተዋል። ከእነሱ ያመለጠች አንዲት የጦር መርከብ ጠፈር ላይ ቀለበት የመሰለ ግዙፍ ዓለም ታገኛለች። እናንተ ማስተር ቺፍ ናችሁ፤ አረንጓዴ ጥሩር የለበሰ፣ ፊቱ የማይታይ ወታደር። ራስ ቁራችሁ ውስጥ ደግሞ ኮርታና የምትባል የኮምፒውተር አእምሮ ታወራለች።

የሠራው ቡንጂ የተባለ ስቱዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ራሱ ማክወርልድ በሚባለው የማክ ኮምፒውተሮች ትርዒት መድረክ ላይ አስተዋውቆት ነበር። በዓመቱ ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን ጠቅልሎ ገዛው፤ ጌሙም ኖቬምበር 15 ቀን 2001 ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር ወጣ። የማክ ሰዎች ለጊዜው አጨብጭበው ቀሩ። ለእነሱ የደረሳቸው በ2003 ነው።

አራት የክብደት ደረጃ አለው፦ ኢዚ፣ ኖርማል፣ ሂሮይክ፣ ሌጀንደሪ። ይህ መመሪያ ለሦስተኛው ነው። ኖርማል ላይ ሮጦ መግባትና ምላጩን ይዞ መቆየት ያስኬዳል። ሂሮይክ ላይ እንደዚያ ያደረገ ሰው ኮሪደሩ ላይ ይቀራል። እኔ ስንት ጊዜ እንደቀረሁ አልቆጠርኩም። የተሻለኝ ዓይኔ ስለፈጠነ አይደለም። ወደኋላ መሄድ ስለተማርኩ ነው።

ከዲዛይነሮቹ አንዱ፣ ጄሚ ግሪሰመር፣ ስለዚህ ጌም ሲነሳ «የ30 ሰከንድ ደስታ» በሚለው ሐሳብ ይታወቃል። ጥሩ 30 ሰከንድ ሥራ፤ ከዚያ ቦታውን፣ ጠላቱንና መሣሪያውን እየለዋወጥክ ድገማት ነው ነገሩ። ለኛ ለምንጫወተው ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። እያንዳንዱ ውጊያ አጭር ዙር ነው። ትገባላችሁ፣ መመታት ያለበትን ትመታላችሁ፣ ታፈገፍጋላችሁ፣ ጋሻችሁ ሲሞላ ትመለሳላችሁ። ብዙ ሰው የሚሞተው ሦስተኛዋን ስለሚዘላት ነው።

1. የቱን ልጫን?

ቀላሉ መንገድ «ዘ ማስተር ቺፍ ኮሌክሽን» ነው። በ2014 ለኤክስቦክስ ዋን ወጣ። በ2019 መጨረሻ ወደ ኮምፒውተር መምጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያው «ሄሎ» ኮምፒውተር ላይ የደረሰው በማርች 2020 ነው። ስድስት ጌሞች በአንድ ላይ አሉበት። ስቲም ከሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ስትጭኑ ግን የምትፈልጉትን ብቻ መርጣችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። ዝም ብላችሁ «ጫን» ካላችሁ ሁሉም ይወርዳል፤ የወሩ ፓኬጃችሁ በአንድ ሌሊት ተሟጥጦ ታድራላችሁ። የመጀመሪያውን ብቻ ነጥሎ መግዛትም ይቻላል። የዶላር ካርድ የሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የኔን የአጎቴ ልጅ ነው የላከልኝ። «ይሄን ያረጀ ነገር ለምን ፈለግከው?» ብሎ ስቆብኛል።

መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌሙ በየመሐሉ ቼክፖይንት፣ ማለትም ስትሞቱ የምትመለሱበትን ቦታ፣ ይይዛል። ሁነኛው ማስቀመጫ ግን ከሜኑው «ሴቭ ኤንድ ኩዊት» ብሎ መውጣት ነው። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ሚሽኑን ከመጀመሪያው ልትጀምሩ ትችላላችሁ። በዚያን ጊዜ ሚሽኑን ስትመርጡ «ራሊ ፖይንት» የሚል ምርጫ ፈልጉ። ከመሐል ያስጀምራችኋል።

2. ከመጀመራችሁ በፊት የሚነካኩ ነገሮች

የጽሑፍ ትርጉሙን ክፈቱ፤ ተኩስ መሐል ኮርታና የምትለው አይሰማም። የማውስ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ይህ ጌም ከፍጥነት ይልቅ ማነጣጠር ነው የሚፈልገው። ኮምፒውተር ላይ የእይታ ስፋቱንም ትንሽ ለጠጥ አድርጉት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ ብዙ ጥይት አቃጥያለሁ። ይህ እትም በ2011 ለአሥረኛ ዓመቱ የታደሰ ምስል አለው። ጨዋታው ውስጥ እያላችሁ በአንድ ቁልፍ ከአዲሱ ምስል ወደ አሮጌው መቀያየር ይቻላል። ነገር ግን አዲሱ ምስል ልብስ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚሠራው የ2001ዱ ጌም ነው። ድንጋዩ በአዲሱ ምስል ትንሽ ቢመስልም ጥይታችሁን የሚያቆመው የድሮው ትልቁ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ጠላት ፊት ለፊት እየታያችሁ ጥይታችሁ አየር ላይ ከቀረ ቁልፉን ተጫኑና በአሮጌው ምስል እዩት። ከፊታችሁ ያለው ነገር ወዲያው ይገለጥላችኋል።

3. ጋሻና ላይፍ ይለያያሉ

ላይኛው መስመር ጋሻ ነው። ስትመቱ ይወርዳል። ጥቂት ሰከንድ ሳትመቱ ከቆያችሁ በራሱ ይሞላል። ከሥሩ ያሉት ስምንት ቁራጮች ላይፍ ናቸው። እነሱ በራሳቸው አይመለሱም፤ የሕክምና ሳጥን ማግኘት አለባችሁ።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። ጋሻው ሲያልቅ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ጩኸቱን ስትሰሙ ተኩስ አቁሙና ግንብ ወይም ድንጋይ ጀርባ ግቡ። «አንድ ጥይት ብቻ ቀረው» የምትል ሐሳብ ትመጣባችኋለች። አትስሟት። አንድ ጥይት የቀረው እሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መውጫችሁን እዩ። የምትመለሱበት ጥግ የቱ ነው? እዚያ ለመድረስ ስንት እርምጃ ነው? በዚህ ጌም ፈጣን ሩጫ የሚባል ቁልፍ የለም። ማስተር ቺፍ እንደ ሠርገኛ በልክ ነው የሚራመደው። ሜዳ መሐል ገብታችሁ ጋሻ ካለቀባችሁ የምትደርሱበት የለም።

4. ሁለት መሣሪያ ብቻ

የምትሸከሙት ሁለት ነው። ሦስተኛ ሲያምራችሁ አንዱን ትጥላላችሁ። ስለዚህ ምርጫው የውጊያው ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫዬ ሁልጊዜ ሽጉጡ ነው። ካፒቴን ኪይስ መርከቧ ላይ የራሱን ይሰጣችኋል። ሲሰጣችሁ ባዶ ነው! ጥይቱን መንገድ ላይ ትለቅማላችሁ። በሌሎች ጌሞች ሽጉጥ መሣሪያ ያለቀበት ሰው የሚይዘው ነገር ነው። እዚህ ግን ንጉሥ ነው። ካዝናው 12 ጥይት ይይዛል፤ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር አለው፤ ጋሻ የሌለውን ጠላት ጭንቅላቱን ካገኛችሁት ያበቃለታል። ረጅሙ ጠብመንጃ 60 ጥይት ይይዛል፣ ድምፁም ደስ ይላል፣ ከርቀት ግን ጥይቱን እንደ ጤፍ ነው የሚበትነው። ለቅርብና ለኋለኞቹ ሚሽኖች ይቆይ።

ሁለተኛው እጃችሁ ላይ የጠላት ፕላዝማ ሽጉጥ ይኑር። አረንጓዴ የሚያበራው ትንሹ ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል። ምላጩን ሳትለቁ ከያዛችሁት ግን ጫፉ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ኳስ ይቋጠራል። ስትለቁት ጠላቱን እየተከተለ ይሄዳል፤ ካገኘውም ጋሻውን በአንዴ ያራግፈዋል። የጠላት መሣሪያ ካዝና አይቀየርለትም፤ ቻርጅ ነው ያለው። ሲያልቅ ጥላችሁ ሌላ አንሱ፤ መሬቱ ሞልቷል።

በአጭሩ፦ ፕላዝማ ለጋሻ፣ ጥይት ለሥጋ።

5. ማን ቀድሞ ይሙት?

ኮቨናንቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። ትንንሾቹ፣ ጀርባቸው ላይ የጋዝ ታንክ ያዘሉት፣ ግራንቶች ናቸው። ክንዳቸው ላይ ክብ የሚያበራ ጋሻ የያዙት፣ ወፍ ወፍ የሚመስሉት፣ ጃካሎች ናቸው። ረጃጅሞቹ፣ መንጋጋቸው አራት ቦታ የሚከፈተው፣ ኤሊቶች ናቸው። ሰማያዊው ተራ ወታደር ነው፣ ቀዩ ይከብዳል፣ ወርቃማው አለቃ ነው። ኤሊቶች እንደናንተው ጋሻ አላቸው፤ ጋሻቸውም እንደናንተው ይሞላል። ሂሮይክ ላይ የሚያናድደው ይህ ነው። ግማሽ መትታችሁት ብታፈገፍጉ እሱም ጥግ ይዞ ሞልቶ ይመለሳል።

እንግዲህ አንድ ዙር ቀረብ ብለን እንየው። የመጀመሪያው ሚሽን ነው፣ መርከቧ ውስጥ። ኮሪደሩ ጥግ ላይ ቆማችኋል። ከወዲያ አንድ ሰማያዊ ኤሊትና አራት ግራንቶች እየመጡ ነው። ከታች በግራ ያለው ክብ ራዳር ላይ ቀይ ነጥቦች ይንቀሳቀሳሉ። ቢጫ ከሆነ ወዳጅ ነው፤ አትተኩሱበት። (የራሳችሁን ወታደሮች ደጋግማችሁ ከመታችሁ ዞረው ይተኩሱባችኋል። እውነታቸውን ነው።)

ጥግ ላይ እንዳላችሁ የፕላዝማውን ምላጭ ይዛችሁ ኳሱን ቋጥሩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ውጡ። ግራንቶቹ ይጮኻሉ፤ አትዩአቸው። ኤሊቱን ደረቱ ላይ ይዛችሁ ልቀቁት። ኳሱ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ይሄድና ይመታዋል፤ ሰውነቱ ላይ ብልጭታ ይርመሰመሳል። ጋሻው ወረደ ማለት ነው። ወዲያው ወደ ሽጉጡ ቀይሩና ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሱ። ይወድቃል።

አሁን ነው ጌሙ የሚጣፍጠው። አለቃቸው ሲወድቅ ግራንቶቹ ይደነግጣሉ። እጃቸውን ወደ ላይ እያወናጨፉ፣ እየጮኹ ይበተናሉ። የሚተኩስባችሁ የለም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጥይት ጭንቅላታቸው ላይ ይበቃል። ከፈለጋችሁ እየሮጡ በሰደፍ ምቷቸው፤ ጥይት ይቆጥባል፣ ንዴትም ያወጣል።

ኳሱ ኤሊቱን ቢስተውስ? እዚያው ቆማችሁ ሁለተኛ አትቋጥሩ። መቋጠር ጊዜ ይወስዳል፣ እሱ አይጠብቃችሁም። ወደ ጥጉ ተመለሱ። ብዙ ጊዜ ተከትሏችሁ ይመጣል። ይምጣ! ከጥጉ ሲወጣ እናንተ ቋጥራችሁ ጠብቁት። ደፈጣ በአጋጣሚ ሳይሆን በማፈግፈግ የሚሠራ ነገር መሆኑን እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

«ኤሊቱ ቀድሞ ይሙት» የሚለው ሕግ ሁለት ቦታ ላይ ይፈርሳል። አንደኛ፣ መሬት ላይ የተተከለው ትልቅ መድፍ ላይ ግራንት ከተቀመጠ እሱ ይቅደም። ሁለተኛ፣ ወርቃማ ኤሊት ሰይፍ ይዞ እየሮጠ ሲመጣ ሁሉን ትታችሁ ወደኋላ እየሄዳችሁ እሱን ብቻ ተኩሱ። ሰይፉ ሲያርፍባችሁ የምትተርፉ አይምሰላችሁ። ገድላችሁት ሰይፉን ለማንሳትም አትልፉ፤ በዚህ ጌም አይነሳም።

ጃካሎችን ፊት ለፊት ጋሻቸው ላይ አትተኩሱ፤ ጥይት ማባከን ነው። ጋሻው ጎን ላይ መሣሪያቸውን የሚያወጡበት ክፍተት አለች። እዚያ እጃቸውን ስትመቱ ይንገዳገዱና ሰውነታቸው ይገለጣል። ወይም ቦምብ ከጀርባቸው ጣሉ። ወይም የፕላዝማውን ኳስ ስጧቸው።

6. የእጅ ቦምብ

ሁለት ዓይነት አለ፤ ከእያንዳንዱ አራት ትይዛላችሁ። የሰው ቦምብ ይነጥራል። በግድግዳ አንጥሮ ጥግ ውስጥ መላክ ይቻላል። የኮቨናንቱ ሰማያዊ ቦምብ ደግሞ ይጣበቃል። ጠላት ላይ ከተጣበቀ ወርውሮ የሚያስወግድበት መንገድ የለም።

ሰማያዊውን ለኤሊት አስቀምጡ። ቆሞ ሳለ ከወረወራችሁ ዘሎ ያመልጣል። ወደናንተ እየሮጠ ሲመጣ ግን መዝለል አይችልም፤ ያኔ ፊቱ ላይ ለጥፉበትና ወደኋላ ሂዱ። ወደኋላ ሂዱ ያልኩት ለወግ አይደለም። ተለጥፎበትም ይከተላችኋል፤ አብራችሁት ትሄዳላችሁ።

አሁን አንድ ምሥጢር። ጠላት ሲሞት ቦምቦቹ መሬት ላይ ይበተናሉ። እነዚያ ቦምቦች አጠገባቸው ሌላ ነገር ከፈነዳ አብረው ይፈነዳሉ። ብዙ ግራንት የሞተበት ክፍል ውስጥ ሌላ ቡድን ሲገባ አንዲት ቦምብ ብቻ መሐላቸው ጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደ በዓል ርችት ነው። ታዲያ ምሥጢሩ ለእነሱም ይሠራል። ቦምብ የተበተነበት ቦታ ላይ ቆማችሁ አትዋጉ።

7. ሀንተር

በጥንድ ነው የሚመጡት። ግዙፍ ናቸው፣ ክንዳቸው መድፍ ነው፣ ጋሻቸው በር ያህላል። መጀመሪያ ስታዩአቸው የምትሸሹበት ይጠፋችኋል። ግን ቀላሎች ናቸው። ጠጋ በሉ። ሲንደረደርባችሁ ወደ ጎን ዘወር በሉ፤ ያልፋችኋል። ያኔ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ሥጋ ይታያል። አንድ የሽጉጥ ጥይት። አለቀ። ስንቱ ሮኬት ያባክንባቸዋል!

8. ሁለት ሆናችሁ ከተጫወታችሁ

ዘመቻውን ለሁለት መጫወት ይቻላል። ኤክስቦክስ ላይ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ኮምፒውተር ላይ በኢንተርኔት። ፕሌይ ስቴሽን ቤት በኳስ ጌም ያደገ ሰው እዚህ መጀመሪያ ይቸገራል፤ ሁለቱም ጎል ማግባት ይፈልጋሉ።

አሠራሩን ካወቃችሁት ግን ደረጃው በግማሽ ይቀላል። አንዱ ሲሞት ሌላው ከተረፈና አካባቢው ጸጥ ካለ የሞተው አጠገቡ ይነሳል። ስለዚህ ሁለታችሁ እኩል አትግቡ። አንዱ ይግባ፣ ሌላው ከኋላ በሽጉጥ ይርዳ። የገባው ከወደቀ የቀረው ሊበቀልለት አይሩጥ። ወደኋላ ይሽሽ፣ ጥግ ይያዝ፣ ጓደኛው ይነሳ። ወንድሜን ይህን ማሳመን ከሀንተሩ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

9. ሚሽኖቹ ላይ

አሥር ናቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ የሚያንቁትን ብቻ።

ሁለተኛው፣ «ሄሎ» የሚባለው፣ ቀለበቱ ላይ የምታርፉበት ነው። ወታደሮቻችሁን አግኝታችሁ የጠላት መርከቦች እየመላለሱ ጭፍራ ያራግፉባችኋል። ሜዳው ላይ አትጠብቋቸው። ከፍ ያለ ቦታ ያዙና በሽጉጥ መነጽር ገና ሲወርዱ ልቀሟቸው። ወታደሮቻችሁን አትናቋቸው፤ ጠላት እነሱ ላይ ሲተኩስ እናንተ ጋሻ ትሞላላችሁ። በኋላ ጂፕ ይመጣላችኋል። ስሙ ዋርትሆግ ነው፣ ከርከሮ ማለት። አነዳዱም እንደ ከርከሮ ነው። ወደምታዩበት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ገደል አትዩ። ከኋላው መትረየስ አለው፤ ወታደር እስኪሳፈርበት ጠብቁ።

ሦስተኛው በሌሊት ይጀምራል። ስናይፐር ይሰጣችኋል፤ ካዝናው አራት ጥይት ነው። መድፍ ላይ ያሉትን ቅደሙ። የተኙ ግራንቶች ታገኛላችሁ፣ ያንኮራፋሉ። ዝቅ ብላችሁ ሂዱና አንድ በአንድ በሰደፍ ጨርሷቸው። ተኩስ ከተሰማ ሁሉም ይነሳል። መርከቡ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ስናይፐሩ ቦታ መያዝ ብቻ ነው፤ በፕላዝማ ቀይሩት።

አራተኛው ባሕር ዳርቻ ላይ ያወርዳችኋል። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ምክር አያስፈልገውም፣ ተዝናኑበት።

አምስተኛው በረዶ ነው፣ ረጅምም ነው። ክፍሎቹ ይመሳሰላሉ፤ የመጣችሁበት እየመሰላችሁ ትዞራላችሁ። ታንክ ስታገኙ ከርቀት ተኩሱ፣ ጠላት መሐል አትንዱት።

ከስድስተኛው ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል። ያልተጫወታችሁት ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ፍለድ የሚባል ሌላ ጠላት ይመጣል፤ ሰውንም ኮቨናንትንም ወርሮ በሬሳቸው የሚራመድ ተባይ። እስካሁን የነገርኳችሁ አብዛኛው አይሠራም። አለቃቸውን ገድላችሁ የምታስደነግጡት የለም። ጭንቅላት መምታት አይረዳም፤ የስናይፐር ጥይትማ ሰውነታቸውን አልፎ ይሄዳል። ፕላዝማውን ጣሉና ሾትገን አንሱ። ካዝናው 12 ነው። አንድ በአንድ ስለሚጎርስ መሐል ላይ አቋርጣችሁ መተኮስ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ፋታ ባገኛችሁ ቁጥር አጉርሱ። ለትንንሾቹ ደግሞ ረጅሙ ጠብመንጃ ነው፤ አንዱ ሲፈነዳ አጠገቡ ያሉትንም ይዟቸው ይሄዳል። የሞተ የመሰለ ሬሳ ይነሳል። ስታልፉ በሰደፍ ደግማችሁ አረጋግጡ።

ሰባተኛው «ዘ ላይብረሪ» ነው። ሰዎች ሲያማርሩት ሰምታችሁ ይሆናል፤ ልክ ናቸው። አራት ፎቅ፣ አንድ ዓይነት አዳራሽ፣ ፍለድ እንደ አንበጣ። ሚስጥሩ ሁሉንም ለመግደል አለመሞከር ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሂዱ። በሩ ዝግ ሆኖ አስጎብኚዋ ማሽን እስክትከፍተው መጠበቅ ሲኖርባችሁ ብቻ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ቁሙ። ያበጡት፣ እየተንገዳገዱ የሚመጡት፣ ራሳቸው ቦምብ ናቸው። ሌሎቹ መሐል ሲደርሱ ከርቀት ምቷቸው። በአንድ ቁጭታ ካቃታችሁ አስቀምጡና ነገ ተመለሱበት። እኔ በሦስት ቀን ነው የጨረስኩት።

ስምንተኛው የአምስተኛውን መንገድ ወደኋላ ነው የሚያስኬዳችሁ። ደስ የሚለው፣ ኮቨናንትና ፍለድ እርስ በርስ ይጋደላሉ። በር ከፍታችሁ ስታዩአቸው ተኩስ አትክፈቱ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ እናንተ ትሆናላችሁ። ከበሩ ተመለሱና ድምፁ እስኪቀንስ ጠብቁ፤ የተረፈውን ትጨርሳላችሁ። ሦስት የኃይል ማመንጫ ማጥፋት አለባችሁ፤ ብርሃኑ ውስጥ በመግባት ነው የሚጠፉት። ስትገቡ ጋሻችሁ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሉን ሙልጭ አድርጋችሁ ሳታጸዱ እንዳትገቡ።

ዘጠነኛው አጭር ነው፤ ቦምብ ቆጥቡ።

የመጨረሻው «ዘ ማው» ነው። ወደ መጀመሪያዋ መርከብ ትመለሳላችሁ። የሞተሩን አራት ማውጫዎች እየከፈታችሁ ውስጣቸው ቦምብ ወይም ሮኬት ትከታላችሁ። ከዚያ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ በከርከሮዋ ጂፕ በተሰባበረችው መርከብ ሆድ ውስጥ ትነዳላችሁ።

እስካሁን አፈግፍጉ ስል ቆይቻለሁ። እዚህ ጋ ተውት። ከመንገዱ ዳር የሚተኩስባችሁን አትዩት፣ የሚዋጉትን አትዳኙ፣ አትቁሙ። መሪውን ቶሎ ቶሎ አትጠምዝዙ፤ ኩርባ ላይ ፍጥነት ቀንሳችሁ መታጠፍ ከመገልበጥ ይሻላል። ከተገለበጣችሁ ጠጋ ብላችሁ በአንድ ቁልፍ ታቀኑታላችሁ፤ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። ጫፍ ላይ መንገዱን የዘጉ ዕቃዎች ስታገኙ በጂፕ ለመውጣት አትታገሉ። ዝለሉና በእግር ሩጡ፤ የምታመልጡባት ትንሿ መርከብ እዚያው ቆማለች፣ በሯ ክፍት ነው።